ለካምቢዮው ጸልዩልኝ

በአሜሪካኑ 2012፣ በሰመር ነው። አስፋልቱ የጫማ ሶል የሚያለሰልስበት የዳላስ ሙቀት። ያኔ በሆዴ የነበረችው ልጄ ሰሞኑን የአማርኛ መዝሙር ሊንክ ላከችልኝ። ፊደሎቹ ጠፍተው በፐርሰንት ምልክትና በቁጥር ተሞልቷል። «ማሚ፣ ስትነኪው ይከፈታል» አለችኝ። ከመንካቴ በፊት ትንሽ ቆየሁ።

እንዲህ ያለ ሊንክ መጀመሪያ ያየሁት ያኔ፣ ዳላስ አጠገብ ሮውሌት ስንኖር፣ በባለቤቴ ኮምፒውተር ላይ ነው። ታክሲ ይነዳ ነበር። የጃፓን መኪናችን ካምቢዮ አስቸግሮት ነበር። ስክሪኑ ላይ ረጅም የፐርሰንት ሰልፍ አየሁ፤ ጫፉ ላይ የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር።

«ምንድነው ይሄ?»

«የካምቢዮ ዕቃ ነዋ! ከጃፓን ስለሆነ በእነሱ አጻጻፍ ነው። ጫፉ ላይ ያለው የዕቃው ቁጥር ነው።»

«ይሄን ሁሉ ሰዓት የምትፈልገው?»

«እዚህ አገር አይገኝማ፣ ሆዴ።»

አዘንኩለት። ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ርዕስ ስንጠየቅ እጄን አውጥቼ «ዕቃው እንዲገኝለት ጸልዩልኝ» አልኩ። ጸሎት የሚመሩት እትዬ ብርቄ «ጌታ ሆይ፣ ከጃፓንም ቢሆን አምጣው!» ሲሉ፣ ከሁላችን በላይ ጮክ ብሎ «አሜን» ያለው እሱ ነበር።

ላስደስተው ብዬ ሊንኩን ለሄለን ላክሁላት፤ ዕቃው ረክሶ የሚገኝበትን እንድትፈልግልኝ። ዴንተን ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የምትማር የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ሽሮ አቀረብኩላት፤ አልነካችውም።

«አስቱዬ፣ ማለቴ... ይሄ ፐርሰንት ሁሉ ፊደል ነው። ያንቺን ስም በአማርኛ ብጽፈውም እንዲህ ይሆናል። ወደ ጃፓንኛው መለስኩትና ትራንስሌት አደረግሁት።»

«እና ዕቃው አለ?»

«ዕቃ አይደለም። ርዕስ ነው።»

«የምን ርዕስ? የጸሎት?»

አልሳቀችም። «የወሲብ ፊልም። ቁጥሩም የፊልሙ መለያ ነው። ሶሪ፣ አስቱዬ።»

ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። አንድ መስመር አንብቤ «ዝጊው» አልኳት። ሽሮው ቀዝቅዞ ቆዳ አውጥቶ ነበር።

ፊልሙን ቆይቼ ይቅር ብዬዋለሁ። ያ አሜን ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። እኔን መዋሸት አንድ ነገር ነው፤ እሱ ግን እጄን ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አብሮኝ ጸለየ። ሄለንን አመሰግናታለሁ፤ ለማንም አልተነፈሰችም። ልጄን በሰላም ያስታቀፈኝም ይመስገን።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት እትዬ ብርቄ «የካምቢዮው ነገር ከምን ደረሰ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ተገኝቷል፣ እትዬ። አመስግኑልኝ።»

እልልታው አዳራሹን ሞላው። እሱ አሜን አላለም፤ ዞሮ አየኝ።

ስንመለስ መኪናው እንደ ልማዱ እየተንገጫገጨ ወደ ሮውሌት የሚያሻግረውን የሐይቅ ድልድይ ያዘ።

«ምኑ ነው የተገኘው?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

«ርዕሱ» አልኩት።