ቆማ የምታየንና አልፋ የምትሄደው

አርሲ፣ ሳጉሬ ጂኦግራፊ ሳስተምር ሳተላይትን የሚያህል የምኮራበት ትምህርት አልነበረኝም። ሰሌዳውን ለሁለት ከፍዬ በአንድ ወገን በሥራቸው እመድባቸዋለሁ፦ የመገናኛ፣ የአየር ጠባይ፣ የአቅጣጫ መጠቆሚያ፣ መሬትን ፎቶ የሚያነሱ። በሌላው ወገን በከፍታቸው፦ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ። አንዱን ከሌላው የቀላቀለ ተማሪ እስኪያስተካክል ድረስ ቆሞ ይውላል። ምሕረት የሚባል ነገር አላውቅም ነበር።

ቤት ያከራዩኝ ሽማግሌ ስንዴ ገበሬ ነበሩ። አንድ ቀን ጣሪያቸው ላይ ያለው ዲሽ ለምን ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ዞሮ እንደሚቆም ጠየቁኝና ለእሳቸውም አስተማርኳቸው። አንደኛዋ ሳተላይት በጣም ሩቅ ናት፤ ከምድር ጋር እኩል ስለምትዞር ለእኛ አንድ ቦታ የቆመች ትመስላለች፤ ዲሹ የሚያያት እሷን ነው። ሌላዋ ዝቅ ብላ ትሮጣለች፤ እኛን በጥቂት ቀን አንዴ ፎቶ አንስታ ታልፋለች። የአየር ጠባይን የሚከታተሉ ከሁለቱም ዓይነት እንዳሉ ጨመርኩላቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

ኅዳር ላይ ስንዴው ደረሰ፤ አጭዶ የሚወቃው ኮምባይነርም መንደራችን ገባ። የእሳቸው ተራ የመጨረሻው ቀን ጠዋት ላይ ነበር፤ በማግስቱ ማሽኑ ወደ በቆጂ ይሄዳል። ማሳቸው በሙሉ ለዘር የተያዘ ነው። የደረሰ ስንዴ ዝናብ ከጠገበ እዚያው ዛላው ላይ ይበቅላል፣ የበቀለ ደግሞ ለዘር አይሆንም።

በዚያ ጠዋት ባሏ የሞተባት ጎረቤታቸው መጣች። ስንዴዋ እየረገፈባት ነውና ቀድማ እንድታሳጭድ ለመነቻቸው። በመንደሩ ተራውን የሰጠ ሰው በኋላ መልሱልኝ አይልም። ስለዚህ መልስ ሳይሰጧት ወደ ክፍሌ መጥተው ዛሬ ይዘንብ እንደሆነ ጠየቁኝ።

ስልኬን አወጣሁ። ሁለት ፎቶ ነበረ። አንዱ ከቆመችዋ የመጣ ነው፤ ብዥ ያለ፣ አገሩን ሁሉ በመዳፍ ያህል ቦታ የሚያሳይ። ሌላው ጥርት ያለ ነው፤ የቤታችን ቆርቆሮ ሳይቀር ይታያል፣ የደመና ምልክት የለበትም። የቤታችንን ጣሪያ ከሰማይ ማየቴ ደስ ስላሰኘኝ የተነሳበትን ቀን አላየሁም።

"ይስጧት አባባ፣ ሰማዩ ንጹሕ ነው" አልኳቸው።

በበሩ በኩል ወደ ጭላሎ ተራራ ትንሽ ተመለከቱ። ከዚያ ሄደው ተራቸውን ሰጧት።

አምስት ሰዓት ገደማ ጭላሎ ጠቆረ። ነፋሱ ተነሳ። ማሳው ዳር ከሽማግሌው ጋር ቆሜ የቆመችዋን ሳተላይት ፎቶ ከፈትኩ፤ ደመናው አርሲን ሊውጥ ደርሷል። በየሩብ ሰዓቱ አዲስ ፎቶ ሲመጣ ወደ እኛ ይጠጋል። ጥርት ያለውን መልሼ ከፈትኩና ግርጌውን አነበብኩ። የተነሳው ከአራት ቀን በፊት ነው። ክው አልኩ።

ያሳፈረኝን ነገር ልናገር፦ መጀመሪያ የተቆጣሁት በኮምባይነሩ ሹፌር ላይ ነበር። እየሮጥኩ ሄጄ ቶሎ በል ብዬ ጮኽኩበት። ሰውዬው ሥራውን እየሠራ ነበር። ሽማግሌው ግን ከቆሙበት አልተነቃነቁም፣ ጎረቤታቸውንም አላስቸኮሏትም። ማሽኑ የእሷን ጨርሶ ወደ እሳቸው ማሳ ተሻገረ። አንድ ዙር እንደሄደ ዝናቡ ወረደ። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ፤ እርጥብ ስንዴ አይወቃም።

ለቀናት ዘነበ። ኮምባይነሩም በቆጂ ሄደ። ሲያባራ ሽማግሌው ማሳው ድረስ ጠሩኝና አንድ ዛላ ቀጥፈው በመዳፋቸው አሹት። ፍሬው ሁሉ ነጭ ሥር አውጥቷል። እጄ ላይ አደረጉልኝ።

"መምህር፣ ያየኸው የምትቆመዋን ነው የምታልፈዋን?"

መዋሸት አማረኝ። ሳተላይቷ ተሳሳተች ብል ያምኑኝ ነበር።

"የምታልፈዋን" አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"ጠዋት እኮ ደመናውን ጭላሎ ላይ አይቼው ነበር" አሉኝ። "አንተ ንጹሕ ነው ስላልከኝ ዓይኔን ሳላምነው ቀረሁ።"