የጥይቱ ጣቶች

ሰፈሩ «ጥይቱ» ይለዋል። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ በወጣትነቱ የቢስክሌት ተወዳዳሪ ስለነበር ቅጽል ስሙ ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው። ሃምሳን ከተሻገረ በኋላም እሑድ እሑድ ከድሮ ጓደኞቹ ጋር ረጅሙን መንገድ ካልነዳ ሳምንቱ ሳምንት አይመስለውም። ሲነዳም አፍንጫው መሪውን ሊነካ ምንም እስከማይቀረው ድረስ አጎንብሶ ነው።

ችግሩ ሰኞ ነው። ሰኞ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ። መጀመሪያ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ነበር፤ አንድ ቀን ግን መቀሱ የደንበኛውን ጆሮ ሲሸርፍ፣ ደሙን እስኪያይ ድረስ አልታወቀውም። ሐኪሙ፣ እጅህ ላይ ተደግፈህ መንዳት ካልተውክ ስሜቱ ጨርሶ ላይመለስ ይችላል አለው። ሚስቱ ደግሞ ነገር ማዞር አትወድም፤ ወይ መቀሱን ወይ ቢስክሌቱን ምረጥ አለችው።

እሱ ሁለቱንም ፈለገ። ቢስክሌት ሠሪው ወዳጁ አሮጌውን ተቀብሎ ለረጅም መንገድ የተሠራ ሰጠው፤ መሪው ከፍ፣ ጎማው ሰፋ ያለ፣ ፍጥነቱም የማይናቅ። ጎማውን በልኩ ብቻ ንፋው ብሎም አደራ አለው።

ቤት ሲደርስ የድሮ አመሉ ተነሳበት። ጓደኞቹ «ሶፋህን ይዘህ መጣህ?» ብለው ሲስቁበት ታየው። መሪውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረገ፤ ጎማውንም ድንጋይ እስኪሆን ነፋው፤ ተወዳዳሪ የነበረ ሰው ጎማ ካልጠጠረ አይሮጥም ብሎ ያምናልና። ለምቾት የተሠራውን ዕቃ በገዛ እጁ የሥቃይ ዕቃ አደረገው ማለት ነው።

እሑድ እንደዚያው ነድቶት ዋለ፤ በማግሥቱ የሸሚዙን ቁልፍ ሚስቱ ቆለፈችለት። ትኩስ ብርጭቆ ሲይዝ እንኳ ሙቀቱ አልተሰማውም። አፈረ፤ ከሁሉም በላይ ግን ፈራ። ቢስክሌቱ ቆመ፣ ሱቁም ተዘግቶ ሰነበተ።

ጣቶቹ ቀስ በቀስ ነቁ። ሚስቱ እፎይ ከማለቷ ግን አንድ እሑድ ጠዋት ቢስክሌቱን ሲያወጣ አየችው።

«መሪውን ከፍ አድርጌዋለሁ፤ ጎማውንም አስተንፍሻለሁ» አላት። «ይሳቁ።»

ሳቁም። የተቦዳደሰው አስፋልት ላይ ሲደርሱ ግን እነሱ ሲንገጫገጩ እሱ ጥሏቸው ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ለሳቅ የሚተርፍ ትንፋሽ ያለው አልተገኘም።

ሚስቱ ቀኑን ሙሉ ልቧ ተሰቅሎ፣ እጇን ሥራ ለማስያዝ በቀዝቃዛ ውሃ ልብስ ስታጥብ ዋለች። ሲመጣ በሩን ከፍታ ቢስክሌቱን ልትቀበለው ስትል እጃቸው ተነካካ።

«እጅሽ ምነው እንዲህ ቀዘቀዘ?» አላት።

እጇን ከእጁ ሳታነሳ እዚያው በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች።