ኦቦ ደበላ ስሜን ሲጠሩ

ኦቦ ደበላ ድምፃቸው ትልቅ ስለሆነ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ።

ታምሜ ከርሜ አምቦ ወደሚገኘው ትምህርት ቤታችን የተመለስኩት ለፈተና ለመመዝገብ ነበር። ሪከርድ ቢሮው በር ላይ ደርሼ መናገር ፈራሁ። ውስጥ ሁለት ሠራተኞች፣ ኦቦ ደበላና ወይዘሮ አስቴር፣ በየኮምፒውተራቸው በአንድ የጋራ የተማሪዎች ፋይል ላይ ይሠራሉ። የአንድን ተማሪ መረጃ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ካስተካከሉ የአንዳቸው ሥራ ይጠፋል። ስለዚህ የሚከፍተው ሰው የተማሪውን ስም ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ሌላው አይነካውም። እኔ ይህን አላውቅም ነበር።

“ጫልቱ ዲንሳ!” አሉ ኦቦ ደበላ።

“አቤት” አልኩ።

ወይዘሮ አስቴር ሳቁ። “ኦቦ ደበላ፣ ዛሬስ ፋይሉ አፍ አወጣልዎ።”

ኦቦ ደበላ ግን አልሳቁም። እጃቸውን ከኪቦርዱ ላይ ቀስ ብለው አነሱ።

“ልጄ፣ መጣሽ እንዴ? አቋርጣለች ተብዬ ልሰርዝሽ ነበር።”