መመልከት ሥራው የሆነ ሰው

በወይን ጠጅ ፋብሪካው ማሸጊያ ክፍል ጥግ ላይ አንድ በርጩማና አንድ የመብራት ሣጥን አለ። በርጩማው ላይ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጠው ሰው ጠርሙስ ፈታሽ ነው። ባልደረቦቹ «አጉሊ መነጽር» ይሉታል፤ ሲያሳጥሩት «አጉሊ»።

ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ሥራ መፍታት ይመስላል። ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን ድንቅ ነው! ጠርሙሱ ሲመጣ አንገቱን ይይዛል፤ ይገለብጠዋል፤ ወዲያው ቀጥ አድርጎ ነጩ መብራት ፊት ያቆመዋል። አየር ከሆነ አረፋው ሽቅብ ይወጣል፤ የቡሽ ፍርፋሪ ከሆነ ይንሳፈፋል፤ አተላ ከሆነ እንደ ጭስ እየተጥመለመለ ይወርዳል። ይህን ሁሉ ለመለየት ያለው ጊዜ ዓይን አምስት ጊዜ እስኪርገበገብ ድረስ ነው። ዓይን ስለሚደክም ሌሎቹ በየሃያ ደቂቃው ይቀያየራሉ። አጉሊ ግን ተቀይሮ አያውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ይህ ሰው በወጣትነቱ ጠጪ ነበር፤ ያውም የለየለት። መጠጥ ከሁለት ሥራ አስባርሮታል፤ የሠርግ ቀለበቱን አሸጦታል። ካቆመ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። ያቆመ ዕለት ሚስቱ፣ «አንዲት ጉንጭ ብትጠጣ ልጄን ይዤ እወጣለሁ። አልጮህም፣ አማላጅ አልሰማም፤ እወጣለሁ» አለችው።

ፋብሪካው ውስጥ መቀጠሩን ስትሰማ መጽሐፍ ቅዱሷን ገለጠች። እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። መጽሐፉ ስለ መጠጥ ሲያስጠነቅቅ ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው መዘዙን ነው፤ ኖኅ በድንኳኑ ውስጥ ተራቁቶ፣ ሎጥ የሚያደርገውን ሳያውቅ። አንድ ቦታ ላይ ግን ማስጠንቀቂያው ቀደም ብሎ ከዓይን ይጀምራል፤ ወይኑ በብርጭቆ ውስጥ ቀልቶ ሲያብረቀርቅ ጭራሽ አትየው፣ ኋላ እንደ እባብ ይነድፍሃል ይላል። ሔዋንም ፍሬውን ከመቅመሷ በፊት አይታዋለች። ፈተና የሚገባው በዚያ በር ነው።

«አትጠጣ ብቻ አይደለም እኮ የሚለው፤ አትየው ነው የሚለው» አለችው። «አንተ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ልታየው ተቀጠርክ!»

«አይ አንቺ! ዓይን ደግሞ ይሰክራል?»

«ካርቶን ክፍል አዛውሩኝ በላቸው።»

«እኔ ካርቶን አጣፊ? ይህን ዓይን ይዤ?»

ከመጠጥ ከተላቀቀ ወዲህ የሚኮራበት ነገር ያገኘው እዚያች በርጩማ ላይ ነበር። ስህተቱም ከዚያው ጀመረ።

በክፍሉ አንድ ልማድ አለ። ፈታሹ ያሳለፈውን ጠርሙስ የፈረቃው ኃላፊ «ድፍርስ ነው» ካለው ጠርሙሱ ይከፈትና ፈታሹ ራሱ ይቀምሳል፤ መበላሸት የጀመረ ወይን ምላስ ላይ ይታወቃልና። «ተሳስቻለሁ» ያለ ፈታሽ ግን አይቀምስም፤ ጠርሙሱን ወደ ጎን ያደርጋል፣ ነገሩ በዚያው ያበቃል። አጉሊን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የተከራከረው ሰው አልነበረም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አዲሱ ኃላፊ አንድ ጠርሙስ አንጠልጥሎ መጣ።

«ጋሼ አጉሊ፣ ይሄ ጉም የለበሰ አይመስልዎትም?»

«ጉሙ ያንተ መነጽር ላይ ነው፤ ጥረገው።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። የኃላፊው ፊት ተለዋወጠ።

«ዕድሜ ነው፣ ምን ነውር አለው? ‹ተሳስቻለሁ› ይበሉና ይረፉ።»

«እሷን ቃል ከእኔ አፍ አትሰማትም። ክፈተው!»

ጎረቤቱ የሆነችው ቡሽ አስገቢዋ ታሪኩን ሁሉ ታውቃለች። ክንዱን ያዘችው።

«ወንድምዬ ተው። ተሳስቻለሁ ብትል ምን ትሆናለህ?»

«ለምላስ ብቻ ነው» አላት።

ቀመሰ። ወይኑ እንከን አልነበረበትም። ኃላፊው ጠርሙሱን ያየው አቧራ ከጠገበ መስኮት ፊት ይዞ ኖሯል። ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። አጉሊ እየሳቀ ብርጭቆው ውስጥ የቀረውን ጨለጠው።

ማታ ቤት ሲገባ ሚስቱ ገና በሩ ላይ ሸተታት።

«አሸነፍኩት እኮ!» አላት።

«ማንን?»

ሚስቱ ልብሷን አጣጠፈች፤ ትምህርቷን ልትጨርስ ወራት የቀሯት ልጃቸው ደብተሮቿን ሰበሰበች፤ ወደ አክስቷ ቤት ሄዱ።

ልጅቷ ግን አባቷን አልተወችውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ሲወጣ ፋብሪካው በር ላይ ትጠብቀዋለች። ሁለት ቅዳሜ አብረው ሄዱ። ከዚያ በክፍሉ ክርክር በዛ። ክርክሩን የሚያስነሳው አጉሊ ራሱ ነው፤ ደህናውን ጠርሙስ እያነሳ ኃላፊውን «ይሄስ? ድፍርስ አይመስልህም?» ይላል፤ ይከፈታል፤ ይቀመሳል። ባለፈው ቅዳሜ ጥበቃው መጥቶ «ልጅህ ከቆመች ሰዓት አለፋት» ሲለው ከጠርሙሱ ላይ ዓይኑን አላነሳም።

«አንድ ብቻ ናት የቀረችኝ፤ ትንሽ ጠብቂው በላት» አለ።

ጥበቃው ሲመለስ በሩ ላይ ማንም አልነበረም።