ማንም ያልሞተበት ድንኳን

ባሌ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ከረጢት ይዞ ገባና አልጋው ላይ አስቀመጣቸው። አንደኛው ትልቅ ነው፤ ተጠቅልሎ የታሰረ ፍራሽ ያህላል። ሌላኛው ሁለት ኪሎ ስኳር ቢገባበት የሚሞላ ነው። "ምረጪ" አለኝ። ወዲያው ደግሞ፣ ምረጪ ማለቱን የረሳ ይመስል፣ ትንሹን ብድግ አደረገና "እኔ ግን ይቺን ነው የወደድኳት" አለ።

ዕቃዎቹ የፈረንጆች ነበሩ። ባልና ሚስት ናቸው፤ ስለ ጫካው ዛፎች ሊያጠኑ ቦንጋ መጥተው ከእኛ ሁለት ግቢ አልፎ ያለውን ቤት ተከራይተዋል። ሞተራቸው በተበላሸ ቁጥር ካርቡሬተሩን ፈትቶ የሚያጥብላቸው ባሌ ነበር። ሊሄዱ ሲሉ፣ ብር አልቀበልም ስላላቸው፣ ጫካ ሲያድሩ የሚተኙባቸውን ሁለት ነገሮች አወጡና "አንዱን ላንተ፣ ሌላውን ለዘበኛችን፤ እስከ ሰኞ ጠዋት ምረጥ" አሉት። ትልቁ ድንኳን ነው። ትንሹ ደግሞ ሁለት ዛፍ ላይ ጫፍና ጫፉን ታስሮ ሰው የሚተኛበት፣ እንደ ዥዋዥዌ ያለ ጨርቅ ነው። "ሃሞክ ይባላል" ብለውታል። እኔ ግን እስከ ዛሬም "ተንጠልጣዩ" ነው የምለው።

ባሌ የከብት ክትባት ባለሙያ ነበር። የወሩን እኩሌታ በመሥሪያ ቤቱ ሞተር ዛሬ ጨና፣ ነገ ገሻ ሲል ነው የሚያሳልፈው። የክትባቱ ሳጥን በረዶ ተሞልቶ ከሞተሩ ኋላ ይታሰራል። ዝናብ መንገዱን ሲዘጋበት ተማሪ ቤት አግዳሚ ላይ ያድራል፤ ሲብስበት ጫካ ውስጥ፣ ከአንድ ዛፍ ሥር፣ ላስቲክ ለብሶ። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ በጣም ያስፈልገው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተናገርኩ፣ በሁለት ከረጢት ለምን ሁለት ቀን ሙሉ እንደተከራከርን አይገባም። በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት፣ እናቴ ዘንድ ዋጫ ሰንብቼ፣ ባሌ በሞተሩ ሊወስደኝ መጣ። የሦስት ወር እርጉዝ ነበርኩ። ያን መንገድ ስንመጣ እንደ ልጅ ነበር የሆንኩት፤ ወገቡን አቅፌ፣ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ባየሁ ቁጥር ጆሮው ላይ እየጮህኩ። በሳምንቱ ፅንሱ ወረደ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ "ከሞተሩ አይደለም፤ እንዲህ ያለው አልጋ ላይ ተኝታ ለምትውልም ይመጣል" ብላ ነገረችን። ባሌ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሞተሩ ላይ አፈናጥጦኝ አያውቅም። ሦስት ዓመት! ለገበያ እንኳ ቢሆን። "አብሬህ ልሂድ" ስለው አንድ ጊዜ መንገዱ ጭቃ ነው ይለኛል፤ ሌላ ጊዜ ዕቃ ይበዛብኛል፤ ሁሉም ሲያልቅበት "የት ታድሪያለሽ?" ይለኛል። ስለዚያ ነገር ግን አንድ ቀን አንስተን አናውቅም። በሰላም እየኖርን፣ አንድ ገበታ እየበላን፣ መሐላችን የሆነ ነገር እንደተቀመጠ ነበር።

እንግዲህ እነዚያን ከረጢቶች ሳይ ወዲያው የገባኝ ይኼ ነው፤ ተንጠልጣዩ ለአንድ ሰው ነው። እሱ ከተመረጠ ባሌ ብቻውን ሄዶ ብቻውን ማደሩ ጸና ማለት ነው። ድንኳኑ ለሁለት ሰው ይበቃል። ጉዱ ምን መሰላችሁ? ድንኳኑ ከተጫነ፣ የሚጫነው ሞተሩ ላይ፣ እኔ የምቀመጥበት ወንበር ላይ ነው። ተንጠልጣዩ ከተያዘ ለእኔ መቀመጫ አለ፣ ማደሪያ የለም፤ ድንኳኑ ከተያዘ ማደሪያ አለ፣ መቀመጫ የለም።

"ድንኳኑ ይሻላል" አልኩት።

"ድንኳን መሬት ላይ ነው የሚተከለው። የገሻን ጉንዳን አታውቂውም። አንዴ ሰልፉን ከጀመረ የተኛ ሰው ነው ብሎ አይዞርም። ይቺ ግን ከፍ ብላ ነው። ማር ቀፎስ ዛፍ ላይ የሚሰቀለው ለምን ይመስልሻል?"

"ንብ ነህ እንዴ አንተ?"

ሳቀና ተንጠልጣዩን ይዞ ወጣ። ግቢያችን ውስጥ ሁለት የአቮካዶ ዛፎች ነበሩ፤ መሐላቸው አሰረው፣ ጫማውን አውልቆ ገባ፣ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፋ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣጠፈ። ደክሞት ስለነበር ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው።

በእኛ አገር ግን ሰው በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚንጠለጠለው መቼ ነው? ሲታመም ነው። ከገጠር በቃሬዛ፣ በሰው ትከሻ፣ ሲመጣ። አንድ ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል አየና "ኧረ ሰው! ኧረ ድረሱ!" አለ። ከየት እንደመጡ እንጃ፣ አራት ወንዶች ዘለው ገቡ፤ አንደኛው የመሸከሚያ ዱላ ሁሉ ይዟል። እኔ ከቤት እስክወጣ አንዱን ጫፍ ፈተውት ባሌ በጀርባው ሣሩ ላይ ዱብ!

"ምንህን ነው ያመመህ?"

"ምንም አላመመኝም!"

"ታዲያ ምን ያንጠለጥልሃል?"

"ልለማመድ ነው።"

"ምኑን? መታመሙን?"

በሳቅ ሞትኩ። እሱም ሳቀ፤ ወገቡን እያሸ። ቢሆንም አመሻሹ ላይ ተንጠልጣዩን አጣጥፎ ከሞተሩ ጎን ሲያስቀምጠው አየሁና ሳቄ ጠፋ። ልቡ አልተለወጠም።

እሑድ ተራው የእኔ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድንኳኑን ግቢው መሐል ዘረጋሁት። መመሪያው በፈረንጅ አፍ ነው፤ እኔ ግን ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ስፌት ያስተማረኝም ሰው የለም፤ የተማርኩት አሮጌ ልብስ ተርትሬ መልሼ በመስፋት ነውና ጨርቅ ራሱ ይነግረኛል። ስፌቱን በጣቴ ተከትዬ የቱ ጣሪያ፣ የቱ ወለል እንደሆነ ለየሁ። ደግሞስ እንዴት ያለ ስፌት ነው! ሁለት ጊዜ ታጥፎ፣ ሁለት ጊዜ ተመቶ፣ ከውስጥ ውኃ እንዳያስገባ በቀጭን ላስቲክ የተሸፈነ። ባሌ ካስማውን እየመታ "ይኼ ሁሉ የት ይጫናል?" ይላል። እኔ ገመዱን እገትራለሁ።  ሰማያዊ ድንኳን ግቢያችን መሐል ቆመ።

አሥር ደቂቃ አልሞላም። እትዬ፣ ከፊት ለፊታችን የሚኖሩት ትልቅ ሴት፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው "ወይኔ ልጄን! ወይኔ ልጄን!" እያሉ በሩን ከፍተው ገቡ። ከኋላቸው ሦስት ሴቶች፤ አንዷ ሱቅ ያላቸው የነጋዴው ባለቤት ናቸው፣ ዳቦና ሻይ በፔርሙስ ይዘዋል። ሁሉም እያለቀሱ። ከእነሱ ኋላ የዕድራችን ዳኛ፣ ፊታቸውን አኮሳትረው፣ "ዕድሩ ድንኳን እያለው ከሰው መዋስ ምንድን ነው?" አሉ።

"ማንም አልሞተም!" አልኩ።

እትዬ ልቅሷቸውን ገታ አደረጉ። "ማንም?"

"ማንም።"

"እናትሽ ዋጫ ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው እትዬ።"

"ታዲያ ድንኳኑ?"

"ለመኝታ ነው። ጫካ ለሚያድር።"

እትዬ ድንኳኑን አዩት፣ ቤታችንን አዩት፣ ባሌን አዩት። "በስመ አብ" አሉ። "ሳልጠይቅ አልቅሼ ጨረስኩ እኮ!" ዳኛው ድንኳኑን ጎንበስ ብለው አዩና "ለዕድርማ ጠባብ ነው" ብለው ሄዱ። ሴቶቹ ግን ከመጡ አይቀር ገብተው ማየት አማራቸው። ጫማችንን አውልቀን አምስታችን ገባን፤ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን ተቀመጥን። ዳቦው ተቆረሰ። ስፌቱን አሳየኋቸው። "ሰው ሳይሞት ድንኳን ውስጥ መቀመጥ ደስ ሲል!" አለች አንዷ። ሌላዋ "በሉ፣ ግምገማው ይጀመር፤ የቤቱን ሥራ ያላጠናቀቀች ራሷን ትሂስ" ስትል ሁላችንም ሳቅን። ያኔ ግምገማ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ባሌም በየሁለት ሳምንቱ ይቀመጥ ነበር።

ዝናብ ጀመረ። ቦንጋ ዝናብ አስጠንቅቆ አይመጣም። ጣሪያው ላይ ሲወርድ ድምፁ እህል እንደሚፈስ ነው፤ አንድ ጠብታ ግን አልገባም። ሁላችንም ቀና ብለን ጣሪያውን አየን። ያን ጊዜ ነው እትዬ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፣ እንዲህ ያሉት፦

"ምነው ይኼ ድንኳን ያኔ በነበረ። ለዚያ ለልጃችሁ እኮ የተቀመጠላችሁ ሰው የለም።"

እትዬ ያን ቀን አብረውኝ ነበሩ። አንሶላውን ያጠቡት እሳቸው ናቸው። ላልተወለደ ልጅ ድንኳን አይተከልም፤ ሰው አይመጣም፤ እናቲቱ ሾርባ ትጠጣና በሳምንቷ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። እኔም እንደዚያው ነው ያደረግሁት።

ቀና ስል ባሌ ከዝናቡ ሊጠለል ድንኳኑ በር ላይ ተንበርክኮ ነበር። ሰምቷል። ፀጉሩ ውኃ ያንጠባጥባል፤ አንድ ካስማ በእጁ ይዟል።

"እኔ ነኝ በሞተር ያመጣኋት፣ እትዬ" አለ።

"ምን አልክ?"

"ከዋጫ። ጉድጓዱ ሁሉ ትዝ ይለኛል። ቀስ ማለት ነበረብኝ። እኔ ነኝ።"

ሦስት ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ነገር በአንድ ትንፋሽ ወጣ።  መልሱን የሰጡት እትዬ ናቸው።

"ና፣ ግባ፣ አትረስርስ" አሉት። ጠጋ ጠጋ አልንለት። "ስማኝ ልጄ። እኔ አሥር ጊዜ አርግዤ ሰባት ወለድኩ። ሦስቱ የወረዱት በየትኛው ሞተር ነው? ይኸው እስከ ዛሬ ሞተር ላይ ወጥቼ አላውቅም!"

አንዷ ሳቋ አመለጣት። ባሌም ሳቅ ጀመረውና መሐል ላይ ተበላሸበት፤ ካስማውን እንደያዘ ፊቱን ሸፈነ። እጄን ትከሻው ላይ አደረግሁ። እትዬ አስተካክለው ለብሰውት የነበረውን ነጠላ እንደገና አዘቀዘቁ። "በሉ እንግዲህ፣ የመጣነውስ ለለቅሶ አይደል? እንቀመጥላቸዋለን። ሻዩን ቅጂልን" አሏቸው የነጋዴውን ባለቤት።

ተቀመጡልን። ዝናቡ እስኪያባራ ሻይ እየጠጣን፣ ስለ ቡናው ዋጋ፣ ስለ መብራቱ መጥፋት፣ ስለ ሁሉም ነገር እያወራን፣ ልክ እንደ ለቅሶ ቤት። ሲወጡ በየተራ "እግዜር ያጽናችሁ" አሉን። የነጋዴው ባለቤት እጄን ይዘው "አላህ ይተካላችሁ" አሉኝ። ባሌ እያንዳንዳቸውን በሩ ድረስ ሸኘ።

ሰኞ ጠዋት ስነሳ ተንጠልጣዩ ከሞተሩ ጎን የለም። ባሌ ራሱ ወስዶ ለዘበኛው ሰጥቶታል። (ጋሼ ዘበኛው ከዚያ በኋላ ነቅተው አያውቁም ተብሎ ሲወራ ነበር።) እኔን ግን "መቀመጫሽን አንቺ ፈልጊው፤ ስፌተኛዋ አንቺ ነሽ" አለኝ።

ፈለግሁት። የድንኳኑን ምሰሶዎች ከጨርቁ ለየሁና ከአሮጌ የጭነት መኪና ሸራ ሁለት ከረጢት ሰፋሁ፤ መሐላቸውን በሰፊ ማሰሪያ አገናኘሁት፤ በበቅሎ ጀርባ ላይ እንደሚጫን ጭነት ግራና ቀኝ የሚንጠለጠል። ሦስት መርፌ ሰበርኩበት። ጨርቁ በግራ፣ ምሰሶውና ብርድ ልብሱ በቀኝ፣ ሳጥኑ ከኋላ። ወንበሩ ባዶ ቀረ። ባሌ ዙሪያውን ዞረው፣ ማሰሪያውን ሳብ አደረገው። ከዚያ ወንበሩን በመዳፉ ጠረገልኝ።

ወደ ገሻ ስንሄድ እንዴት ቀስ ብሎ እንደነዳ! ዳገት ላይ አንድ በቅሎ የተቀመጡ ሽማግሌ ቀደሙንና ዞር ብለው "ሞተሩ ታሟል እንዴ?" አሉን። "ደህና ነው አባባ" አለ ባሌ፣ ሳያፋጥን። ጉድጓድ ባየ ቁጥር "ያዢ" ይላል፤ እኔም ከያዝኩት ወገብ ላይ ደግሜ እይዛለሁ። ጉሬዛ አየሁ። ጆሮው ላይ ጮህኩ።

ከደካ አለፍ ብሎ ካለ መንደር የደረስነው ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ከብቶቹ የሚሰበሰቡበት ሜዳ ዳር፣ ከአንድ ጎጆ ፊት ለፊት፣ ድንኳኑን መትከል ጀመርን። ገና ጣሪያው ቀጥ ከማለቱ የቤቱ እመቤት እጃቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው እየሮጡ ወጡ። እኔ አፌን ስከፍት ባሌ ቀደመኝ። በአገሩ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ነው የነገራቸው፤ ድምፁ ግን ሜዳውን ሞላው።

"ማንም አልሞተም እማማ! ከባለቤቴ ጋር ስለመጣሁ ነው!"

እማማ ቆሙ። እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝ፣ እሱን አዩት። "ሚስትህን ይዘህ መጥተህ ደጅ ልታሳድራት?" ብለው እጄን ያዙና እየጎተቱ ወደ ቤታቸው አስገቡኝ። ዞር ብዬ ሳየው ካስማውን እንደያዘ ቆሞ ይስቃል።

ያን ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ያደረው የክትባት ሳጥኑ ብቻ ነበር።