ወንዝ ዳር ያለው ማሳ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «ጠንቋይዋ» ይሏታል፤ ሥራዋ ያልመጣውን ማስላት ነውና። አሥራ አንድ ዓመት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ፣ የሰው ልጅ የመሬት አጠቃቀሙን ቢለውጥ የመነመኑት አዕዋፍ፣ አራዊትና ዕፅዋት ያገግሙ እንደሆነ ስታሰላ ኖራለች። ዓይኗ ፈዟል፤ ወገቧም አልታዘዝ ካላት ሰንብቷል።

አንድ ቀን የፍጥረታቱን ብዛት የሚያሳየው፣ ሁልጊዜ ቁልቁል የሚወርደው መስመር ቀና አለ። አለቃዋ በደስታ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። እሷ ግን ከስሌቱ ጋር የወጣውን ካርታ አቅርባ ስታይ ክው አለች። የኮምፒውተር ስሌቱ ደን ይሁኑ ብሎ አረንጓዴ ከቀባቸው ቦታዎች አንዱ ታላቅ ወንድሟ የሚያርሰው፣ ወንዝ ዳር ያለው ማሳ ነበር። እሷ የተማረችው በዚያ ማሳ ምርት ነው።

ቅዳሜ ካርታውን ይዛ ወደ አገር ቤት ሄደች። ወንድሟ መነጽሩን አድርጎ ብዙ አየው።

«እቱ፣ ይሄ አረንጓዴው ምንድን ነው?»

«ዛፍ ነው፣ ወንድም ጋሼ። መሬቱ ካልታረሰ ደን ይሆናል፤ ወፎቹም ይመለሳሉ።»

«ይመለሱ፣ ማን ይጠላል! እኔንስ በምን ቀለም ቀባሽኝ?»

ካርታውን አጣጥፋ፣ አንገቷን ደፍታ ተመለሰች።

ስሌቱን እንደ አዲስ ጀመረችው። አሁን የማንም ገበሬ ጓዳ እንዳይራቆት አድርጋ ነው። ከአጨዳ በኋላ የሚበላሸው እህል ይቀንስ፣ የደከመው መሬት ምርቱ ይሻሻል፣ ለዛፍ የሚተወው ደግሞ የወንዙ ዳርቻ ብቻ ይሁን አለች። አራት ወር ፈጀባት። መስመሩ አሁንም ቀና አለ፤ ግን ሃያ ዓመት ዘግይቶ። እስከዚያ የማይቆዩ ፍጥረታት እንዳሉ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

«የመጀመሪያው ነው የሚያምረው፤ እሱን እናቅርብ» አለ አለቃዋ።

«ሁለቱንም ነው የማቀርበው።»

«ሰው ግራ ይጋባል እኮ!»

«እኔም ግራ ተጋብቻለሁ። ምን ላድርግ?»

ተከራክሮ ሲሰለቸው ተዋት። ሁለቱም መስመሮች በመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ላይ ጎን ለጎን ታተሙ። ያጨበጨበላት የለም፤ የተቆጣትም የለም።

ወሬው ሲደርሰው ወንድሟ ደወለ። «ከወንዙ አሥራ አምስት እርምጃ ሳላርስ ትቻለሁ። አንቺን ፈርቼ እንዳይመስልሽ፤ ጎርፉ ዳሩን እየገመሰ አስቸግሮኝ ነው።»

ከት ብላ ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ ድካሙ ባለበት ነበር። ገና ያልተሰላ የሌላ ወንዝ አካባቢ መረጃ ደርሶ ስለነበር ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች።