አጎቴ አቅፈው ያለቀሱለት ሰው

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ... እኔ እንጃ፣ ከየት ልጀምር።

ይጁቤ ከተማ አጠገብ ባለው ማሳችን መሐል የጎጆ ያህል ከፍ ያለ የድንጋይ ክምር አለ። ማን እንደከመረው የሚያውቅ ሰው የለም። ለእናቴ ቤት ልሠራ ስነሳ፣ ለመሠረቱ የሚሆን ድንጋይ ከዚያው ላወጣ አሰብኩ።

አጎቴ ተቆጡ። «አባቶቻችን ዞረውት ያረሱትን አንተ ልታፈርሰው ነው?»

«ድንጋይ እኮ ነው አጎቴ!»

«ከነካኸው ዓይንህን እንዳላይ!» ብለው ሄዱ። ሦስት ወር ተኳረፍን። እኔም እልኸኛ ነኝ፣ አማላጅ አልላክሁም።

ቅዳሜ ታዲያ አንዱን ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ በዲጂኖ ፈንቅዬ ሳነሳ ከሥሩ ጉድጓድ፣ ጉድጓዱ ውስጥ... ሰው! ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ በጎኑ የተኛ አጽም። ፊቱ አጠገብ አንዲት ትንሽ የሸክላ ዕቃ ተቀምጣለች። «በስመ አብ!» ብዬ ዲጂኖውን ጣልኩት።

እናቴ ሮጣ መጣች። ደንግጣ ትሸሻለች ስል ነጠላዋን አውልቃ አለበሰችው። «ማን አለቀሰልህ! እናትህስ የት ናት!» እያለች ደረቷን ትደቃ ጀመር። ባባብላትም እምቢ አለች። ውሃ ላመጣላት ወደ ቤት ሄድኩ።

እኛ አገር እሪታ ከተሰማ «ምን ተፈጠረ?» የሚል የለም፣ እያለቀሱ መሮጥ ነው። እኔ ድንጋይ እንደማፈርስ ደግሞ አገር ያውቃል። ክምሩ ተንዶ ገደለው ተባለ።

ውሃውን ይዤ ስመለስ ማሳው በሰው ተሞልቷል፤ እናቴ በልቅሶዋ ማንንም አትሰማም። አጎቴ በባዶ እግራቸው፣ ጋቢያቸው መሬት እየተጎተተ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ወርደው ነጠላ የለበሰውን አቅፈው ይንሰቀሰቃሉ።

«ወይኔ ልጄን! ሳልታረቅህ! እኔን ይድፋኝ!»

ውሃውን አስቀምጬ ተጠጋሁ። እንደምንም «አጎቴ... አለሁ» አልኩ።

ቀና አሉ። እኔን አዩ። ያቀፉትን አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«አንተ! ታዲያ... ይሄ ማነው?»

«አላውቅም።»

ወጥተው በጥፊ አጮሉኝ። ወዲያው ደግሞ አንገቴን አንቀው እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔም አላስቻለኝም፣ አብሬ አለቀስኩ።

ሊቀብሩኝ የመጡት ጎረቤቶች ጠፍጣፋውን ድንጋይ መልሰው ገጠሙት፣ ክምሩንም እንደነበረ ከመሩት። የእናቴ ነጠላ እዚያው ቀረ። ለመሠረቱ የሚሆን ድንጋይ አጎቴ ከራሳቸው ማሳ ሊሰጡኝ ቃል ገቡ።

ለካ የሰው ቤት አፍርሼ ነው ቤት ልሠራ የነበረው!